ልጅ ያዥዋ መጣች

ሰኞ ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ገደማ፣ አንኳኩ መነጽሯን አድርጋ፣ ጥቁር ቦርሳዋን አንጠልጥላ የባለ አራት ፎቁን ቤት ደረጃ ወጥታ ሳታጋምስ ከላይ አንዲት ቀጭን የሕፃን ድምፅ «ልጅ ያዥዋ መጣች!» ብላ ጮኸች። ወዲያው በየፎቁ ያለ በር ጓ፣ ጓ፣ ጓ እያለ ተዘጋ። ሲዘፍን የነበረ ሬዲዮ ሳይቀር ጭጭ አለ። አንኳኩ አንድ እግሯ ከላይ፣ አንዱ ከታች እንደሆነ ቆማ ቀረች። በሃያ ሁለት ዓመት ሥራዋ ተሰድባለች፣ ውሻ ተለቆባታል፣ አንድ ጊዜም እጣቢ ከፎቅ ተደፍቶባታል። «ልጅ ያዥ» ተብላ ግን አታውቅም።

አንኳኩ የወጣላት ስም አይደለም። ማኅበራዊ ሠራተኛ ናት። ሥራዋ አሳዳጊ የሞተባቸው፣ የታመመባቸው ወይም አቅም ያጣባቸው ልጆች ቤት ሄዶ ማየት፣ ቅጽ መሙላት፣ ከቅጹም በላይ የሚረዳ ሰው መፈለግ ነው። ቢሮው አዲስ ሠራተኛ በቀጠረ ቁጥር «ሥራችን ሌላ አይደለም፤ አንኳኩ፣ ይከፈትላችኋል» ስለምትል ቅጽል ስሙ በዚያው ጸደቀላት። ኃላፊው እንኳን «እትዬ አንኳኩ» ነው የሚላት። የቀኝ እጇ የጣት አንጓዎች በማንኳኳት ብዛት ጠጥረዋል፤ ባሏ ሲያሾፍባት «በዚህ እጅሽ ምስማር ትመቺበታለሽ» ይላታል።

የዚህ ቤት ጉዳይ ቀላል መስሏት ነበር። አራተኛ ፎቅ ላይ አንዲት የልብስ ማጠቢያ ቤት ሠራተኛ ትኖራለች። እህቷ ሞታ ሁለት ሴት ልጆቿን እሷ ናት የምታሳድገው፤ ትልቋ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ትንሿ አምስት። ከሁለት ወር በፊት ሥራ ቦታዋ እርጥብ ወለል አንሸራትቷት ጭኗ ተሰበረ። ብረት ገብቶላት አሁን በክራንች ነው። ባለፈው ሳምንት ወደ ቢሮው የደወለችው ራሷ ናት። ስልክ ተቀባዩም «አሳዳጊዋ ልጆቹ እንዲያዙላት ጠይቃለች» ብሎ መዘገበ። በቃ፣ አንድ መስመር።

«ነገሩ ግልጽ ነው» ብሏት ነበር ኃላፊው ጠዋት ፋይሉን ገፋ እያደረገላት። «እስከ ዓርብ ልጆቹን በዓይንሽ አይተሽ፣ የሚረዳቸው ሰው ካለም ጽፈሽ ታመጫለሽ። ካላመጣሽ፣ አሳዳጊዋ ራሷ ያዙልኝ ስላለች ሰኞ ወደ ማሳደጊያው ይገባሉ። መኪና ተመድቧል።»

«ማሳደጊያው እኮ ልጆችን በዕድሜ ነው የሚለየው። ሁለቱን እህትማማች አንድ ግቢ እንኳን አያስቀምጣቸውም!»

«እሱን ለማሳደጊያው ንገሪው።»

ለጉብኝት መኪና በጠየቀች ቁጥር «ጎማ የላትም» ይሏታል፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ። ለመውሰድ ሲሆን ጎማዋ ከየት እንደሚመጣ አንድ ቀን ተቀምጣ ልትጠይቅ ትፈልጋለች። ለጊዜው ግን አውቶቡስ ተሳፍራ መጥታ፣ እዚህ ደረጃ ላይ ተገትራለች።

አራተኛ ፎቅ ደርሳ አንኳኳች። ከውስጥ የክራንች ድምፅ ቋ፣ ቋ እያለ ቀረበ። በሩ ጋ ቆመ። ሰው ሲተነፍስ ይሰማል።

«ከቢሮ ነው የመጣሁት፣ እህቴ። ላግዝሽ ነው።»

«ልጆቹ የሉም» አለ ከውስጥ የተሰበረ ድምፅ። «በናትሽ ሂጂልኝ።» ክራንቹም ቋ፣ ቋ እያለ ተመለሰ።

አንኳኩ «አንቺው አይደለሽ እንዴ የደወልሽው?» ልትል አፏን ከፈተችና መልሳ ገጠመችው። የደወለ ሰው ማንነት አይነገርም፤ ደንብ ነው። ከሥር ደግሞ የሦስት ፎቅ ጆሮ ተቀስሮ ነበር።

ስትወርድ አንድ ፀጉር አስተካካይ መንገዷን ዘግቶ ጠበቃት። ሱቁ ከመግቢያው አጠገብ ነው፣ መኖሪያው ከሱቁ በላይ አንደኛ ፎቅ ላይ። መቀሱን ከእጁ አላስቀመጠም፤ ፀጉሩ በግማሽ የተቆረጠ ደንበኛም ከኋላው አንገቱን አስግጎ ያያል።

«ማን ነው የጠቆመባት? ስሙን ብቻ ንገሪኝ።»

«ስም አይነገርም።»

«እንግዲያው እኛም የልጆቹን መግቢያ አንነግርሽም። ፍትሐዊ ነው፣ አይደል?» ወደ ደንበኛው ዞረ። ደንበኛው በግማሽ ፀጉሩ ራሱን ነቀነቀ።

አንኳኩ ደሟ እየፈላ ወጣች። ከመንገዱ ማዶ ሆና ቀና ስትል አንደኛ ፎቅ መስኮት ላይ አንድ ቀይ ጨርቅ ብቻውን ተሰቅሎ አየች። ልብስ ይሆናል ብላ አለፈች።

ማክሰኞ ተመለሰች። ሁለተኛ ፎቅ የምትኖረው ልብስ ሰፊ በሩን ገርበብ አድርጋ፣ አፏ ላይ መርፌ እንደነከሰች፣ ልጆቹ ትኩሳት ይዟቸው ሆስፒታል መግባታቸውን ነገረቻት። ሦስተኛ ፎቅ የሚኖሩት ጡረተኛ አስተማሪ ደግሞ ልጆቹ ዘመድ ጥየቃ ገጠር ሄደዋል አሉ። ይህም አልበቃ ብሏቸው ጣታቸውን ቀስረው «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር፣ ልጄ» ብለው አስተማሯት። ታች ስትደርስ ፀጉር አስተካካዩ ሳትጠይቀው «ለትምህርት ቤት ሽርሽር ሄደዋል» አላት። አንኳኩን ያናደዳት ውሸቱ ብቻ አልነበረም። ሦስት ሰው አንድ ቤት ተቀምጦ አንድ ውሸት መምረጥ ያቅተዋል? የአክስትየዋን ስልክ ስትሞክር ዝግ ነው። ትምህርት ቤቱ ጋ ስትጠይቅ ልጆቹ ከሰኞ ወዲህ አልመጡም። ያን ዕለት ቀዩ ጨርቅ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። እሷ ግን ተናዳ ስለነበር ዓይኗ እንጂ ልቧ አላየውም።

ረቡዕ ከሥራ ስትመለስ የልጇ ልጅ፣ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ቦርሳዋን ካየች በኋላ ሶፋው ጥግ ኩርምት አለች።

«አያቴ፣ አንቺ ልጅ ያዥ ነሽ እንዴ?»

«ይቺን ቃል ደግሞ አንቺ ከየት አመጣሻት?»

«ከጃርቶቹ ፊልም ነዋ! ሁሉም ሰው አይቶታል። አንቺ ብቻ ነሽ ያላየሽው።»

እውነትም እሷ ብቻ ኖራለች። ባሏ እንኳን፣ ያ የልብስ ስፌት መኪና ሲጠግን ውሎ ሲጠግን የሚያመሽ ሰው፣ ሁለት ጊዜ አይቶታል፤ ዘፈኑንም ያውቀዋል። አንኳኩ ጫማዋን አውልቃ፣ እግሯን ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ ነክራ፣ «በሉ ክፈቱት» አለች።

ፊልሙ ስለ ሁለት የጃርት ልጆች የተሠራ የካርቱን ፊልም ነው። ወላጆቻቸውን ጎርፍ ወስዶባቸው ወንዝ ዳር ካረጀ ኤሊ አጎታቸው ጋር ይኖራሉ።

«ኤሊ ለጃርት አጎት የሚሆነው እንዴት ነው? የዝምድና ማስረጃው የታለ?» አለች አንኳኩ።

«እስቲ ዝም ብለሽ እዪ» አላት ባሏ።

ኤሊው ታሞ ይተኛል። በሦስተኛው ቀን አንድ መነጽር ያደረገ፣ ጥቁር ቦርሳ ያንጠለጠለ ቁራ ከሰማይ ዱብ ብሎ የኤሊውን በር በእግሩ በርግዶ ይገባል። «እኔ ልጅ ያዥ ነኝ!» ይላል፤ መብረቅ ይመታል። ድምፁን በእኛ ቋንቋ የቀዱት ሰዎች ያን የመሰለ ቃል ያገኙት «ገንዘብ ያዥ» ካለ «ልጅ ያዥ» ለምን አይኖርም ብለው ሳይሆን አይቀርም።

«አያንኳኳም እንዴ?» አለች አንኳኩ ከምንም በላይ ይሄ አቃጥሏት። «ሲሆን ሦስቴ፣ ቢያንስ አንዴ እንኳን አያንኳኳም? ፋይሉንስ ማን መራለት? ልጅ ባየበት ቀን ሊወስድ? ሰባት ፊርማ ነው እኮ! ሰባት!»

የሰፈሩ እንስሳት ግን ልጆቹን አሳልፈው አይሰጡም። ጥንቸሏ፣ ዳክዬዋ፣ ፍልፈሉ በየተራ ቤታቸው ይደብቋቸዋል። ፍልፈሉ የስልክ ሽቦ ይቆርጣል። ሁሉም ለቁራው የተለያየ አቅጣጫ ይጠቁሙታል። ልጆቹ ያሉበት ቤት መስኮት ላይም፣ የሰፈሩ ሰው ብቻ እንዲያውቀው፣ ቀይ ጨርቅ ይሰቀላል።

አንኳኩ እግሯን ከውሃው ውስጥ ብድግ አደረገች። ውሃው ምንጣፉ ላይ ተገለበጠ።

«አየሽ፣ ደነገጥሽ!» አለች የልጅ ልጇ ደስ ብሏት።

ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ይባላል። አራት ፎቅ ሙሉ ሰው፣ ያውም አንዱ አርባ ዓመት ያስተማሩ አዛውንት፣ ከካርቱን ፊልም ሥልት ቀድቶ ስልክ ሲዘጋና ቀይ ጨርቅ ሲሰቅል መክረሙ ነው! አንኳኩ መሳቅም ማልቀስም አማራት። በመጨረሻው ቁራው ወንዝ ውስጥ ወደቀ፤ እንስሳቱ ሁሉ እጅ ለእጅ ተያይዘው ዘፈኑ፤ ዘፈኑ ከፍ እያለ ሲሄድ ኤሊው ከአልጋው ተነሥቶ ደነሰ።

«በዘፈን ነው የዳነው?»

«ጎረቤቶቹ ደጎች ናቸው፣ አይደል አያቴ?» የልጅቷ ዓይን እንባ አቅርሯል።

«ደጎች ናቸው። ነገ ጠዋት ልጆቹን ትምህርት ቤት የሚያደርሳቸው ማን ነው?»

«እንዴ! ፊልሙ አለቀ እኮ።»

«እሱ ነው የሚያናድደኝ» አለች አንኳኩ፣ መወልወያ ልታመጣ ተነሥታ።

ሐሙስ በጠዋት ወደዚያ ቤት ልትበር ስትል ኃላፊው ከበር መለሳት። ለሠራተኛው ሁሉ የግዴታ ሥልጠና አለ። ርእሱ «የኅብረተሰቡን አመኔታ ስለማግኘት» ይላል። አንኳኩ ቀኑን ሙሉ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ አንኳክቶ የማያውቅ አንድ ወጣት አሠልጣኝ ስለ ማንኳኳት ሲያስረዳት ዋለች። በእረፍት ሰዓት ለኃላፊው ስለ ፊልሙ ስትነግረው ፈገግ አለና «ግን ቆንጆ ፊልም ነው፤ ልጆቼ ወደውታል» አላት። የቀራት አንድ ቀን ብቻ ነበር።

ዓርብ ስምንት ሰዓት ላይ ከመንገዱ ማዶ ቆማ ቀና አለች። ቀዩ ጨርቅ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ይወዛወዛል። ልብስ ሰፊዋ ቤት።

ሦስቴ አንኳኳች። ልብስ ሰፊዋ ስትከፍት አንኳኩ ሳትጋበዝ ገብታ፣ ቁርጥራጭ ጨርቅ ከሞላው ወንበር ላይ ጨርቁን አንሥታ ተቀመጠች። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ ግማሿን የመቁረጫው ጠረጴዛ ይዞታል። በጠረጴዛው ላይ እስከ መሬት የወረደ የመጋረጃ ጨርቅ ተዘርግቷል።

«ነገርኩሽ፣ ሆስፒታል ናቸው» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«ቀዩን ጨርቅ ፊልሙ ላይ አይቼዋለሁ።»

ልብስ ሰፊዋ ፊቷ አመድ መሰለ። ከጠረጴዛው ሥር ግን አንዲት ቀጭን ድምፅ፣

«አላልኳችሁም? እሷም ታየዋለች አላልኳችሁም?» አለች ተናዳ።

«ዝም በይ!» አለች ሌላዋ።

አንኳኩ ጎንበስ ብላ መጋረጃውን ገለጠች። ሁለቱም እዚያው ናቸው። ትልቋ ትንሿን ከኋላ አጥብቃ አቅፋ ይዛታለች። ፀጉራቸው ተሠርቷል፣ ፊታቸው ታጥቧል። አንኳኩ ልጆቹን በዓይኗ አየች። ሳምንቱን ሙሉ ለዚህች ለአንዲት እይታ ነበር የተንከራተተችው። አሁን ግን ትልቋ ትንሿን እንዲህ ጨምቃ የያዘቻት እሷን ፈርታ መሆኑንም አየች።

«ውጡ፣ ልጆቼ» አለች። «የትም አልወስዳችሁም። አክስታችሁ ጋ ነው የምንወጣው።»

ደረጃው ላይ ሰልፍ ሆነ። ከፊት አንኳኩ፣ ከኋላዋ ሁለቱ ልጆች፣ ከዚያ ልብስ ሰፊዋ መርፌ ትራሷን ክንዷ ላይ እንዳሰረች፣ አስተማሪው በነጠላ ጫማ፣ መጨረሻ ላይ ፀጉር አስተካካዩ። የአክስትየዋን ቁልፍም ስልክም የያዘው እሱ ነው። «ለደኅንነቷ» አለ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

ክፍሉ አንድ ነው። አልጋው መስኮቱ ሥር ነው፣ እጅ በሚደርስበት ርቀት በርጩማ ላይ ድስት፣ ውሃና መድኃኒት ተደርድሯል። ግድግዳው ላይ ሁለት የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ተሰቅሏል። የልብስ አጣቢ እጅ ያረፈበት ነው፤ ተቀምጣ ተኩሳው እንኳን የካውያው መስመር ጣት ይቆርጣል። አክስትየዋ ልጆቹን ስታይ ልትነሣ ሞከረች፣ አቃታት። ልጆቹ አልጋው ላይ ዘለው ወጡና አንገቷ ላይ ተጠመጠሙ።

«ከኛ እጅ ነው የነጠቀቻቸው» አለ ፀጉር አስተካካዩ። «አይዞሽ፣ የጠቆመብሽን ሰው እናገኘዋለን። እንኳን እዚህ ሰፈር…»

«እኔ ነኝ» አለች አክስትየዋ።

«ምኑ?»

«የደወልኩት እኔ ነኝ።»

አስተማሪው ቀስ ብለው የአልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

ራሷ ካወጣችው ደንቡም አይከለክልም። አንኳኩ ፋይሉን ከፈተች። «ምን ብለሽ ነው የደወልሽው? ቃል በቃል ንገሪኝ። አንዲት ቃል ሳትጨምሪ፣ ሳትቀንሺ።»

«ምን እላለሁ? ትምህርት ቤት የሚያደርስ፣ የሚመልስ ሳጣ፣ ሐኪም ቤት ስሄድ የምተዋቸው ሰው ሳጣ… ‹እግሬ እስኪቆም ልጆቹን የሚይዝልኝ ሰው ፈልጉልኝ፣ እባካችሁ ያዙልኝ› ነው ያልኩት። ከዚያ እነዚህ ‹ልጆቹን ሊወስዱብሽ መጡ› ሲሉኝ በገዛ አፌ የጠራሁባቸው መስሎኝ… አፍሬ መናገር አቃተኝ።»

አንኳኩ ዓይኗን ጨፈነች። ያዙልኝ! እናት ዕቃዋን እስክታነሣ አጠገቧ ላለው ሰው «ልጄን ያዙልኝ» ትላለች። የተሰረቀበት ሰውም እየሮጠ «ያዙልኝ!» ይላል። እሷ የመጀመሪያውን ብትናገር ስልክ ተቀባዩ ሁለተኛውን ሰማ፤ «እንዲያዙላት» ብሎ ጻፈ፤ ኃላፊው አነበበ፤ መኪናው ጎማ አገኘ። ሁለት እህትማማች በአንድ ግሥ ሊለያዩ ነበር። አንኳኩ በስልክ ተቀባዩም፣ በኃላፊውም፣ በቁራውም፣ ወረቀቱን አምና በራሷም ተናደደች። ሁሉንም ባንድ ላይ መስደብ ስላልቻለች ማንንም አልሰደበችም።

«ለምን ለእኛ አልነገርሽንም?» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ እንደ መቀየም ብላ።

«ነግሬያችሁ ነበር እኮ።» አክስትየዋ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «ከሆስፒታል የወጣሁ ቀን ሦስታችሁም እዚሁ ተቀምጣችኋል። ‹ልጆቹን እንዴት እንደማደርጋቸው እንጃ› አልኳችሁ። ‹አይዞሽ፣ እኛ እያለን!› አላችሁኝ። ብርቱካንም አምጥታችሁልኝ ነበር። ከዚያ ወረዳችሁ።»

ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ ክፉ ቢሆኑ ነገሩ ይቀል ነበር። ጠላት በር ላይ ሲመጣባት ከአራቱም ፎቅ ሊዋጉላት ተሰልፈዋል። ጠላት የሌለበት ተራ ማክሰኞ ሲመጣ ግን፣ ልጅ ትምህርት ቤት ማድረስ ብቻ ሲሆን፣ ሁሉም የራሱ በር አለው። አንኳኩ ይህን በሃያ ሁለት ዓመት ስንት ቤት አይታዋለች! የሚያሳዝነው፣ ስታየው አሁንም መናደዷ ነው።

ቅጹን ጉልበቷ ላይ ዘረጋች። «ሰኞ ማታ የት አደሩ?»

ፀጉር አስተካካዩ ወደ በሩ ፈቀቅ አለ።

«ልከሳችሁ አይደለም፣ ወገኖቼ! የት አደሩ?»

«እኔ ቤት» አለ ፀጉር አስተካካዩ። «አልጋዬን ለቅቄላቸው ወለል ላይ ነው የተኛሁት።»

«ፀጉራቸውን ማን ሠራ?»

«እኔ ነኛ፣ ሌላ ማን ይችላል?»

«ማክሰኞስ?»

«እኔ ዘንድ» አሉ አስተማሪው። «ትምህርት እንዳያመልጣት ትልቋን ክፍልፋይ አስተማርኳት። ጎበዝ ናት፤ ግን ማካፈል ላይ ትቸኩላለች።»

«አልቸኩልም» አለች ትልቋ ከአክስቷ ብብት ሥር።

«ይኸውላችሁ!» አለች አንኳኩ። «አምስት ቀን ሙሉ ስትደብቁ አልከረማችሁም፤ ልጅ ስትይዙ ነው የከረማችሁት! ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። አሁን ሳትደበቁ ያዟቸው። ቅጹ ላይ ሰባት ቀን አለ። ለእያንዳንዱ ቀን የሚያደርስ፣ የሚመልስ፣ እስኪመሽ የሚቆይ አንድ ሰው፣ አንድ ፊርማ። አንዱ ቀን ባዶ ከሆነ አይቀበሉትም። ካልተቀበሉት ሰኞ መኪናው ይመጣል። እሱን ደግሞ እኔም አላቆመውም።»

አስተማሪው ሰኞና ረቡዕን ወሰዱ። ልብስ ሰፊዋ ማክሰኞና ቅዳሜን። ፀጉር አስተካካዩ ዓርብና እሑድን፤ እሑድ ሱቁ ዝግ ነው። በደቂቃ ውስጥ ስድስት መስመር ተሞላ። ሞቅ ሞቅ አሉ። ልብስ ሰፊዋ እንዲያውም «ቀላል ነው እኮ!» አለች።

«ሐሙስስ?» አለች አንኳኩ።

ሐሙስ አስተማሪው የደም ግፊት ክትትላቸው ነው። ልብስ ሰፊዋ ጨርቅ የምትገዛበት ቀን ነው። ፀጉር አስተካካዩ ሐሙስ ሐሙስ አንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ሄዶ ስልሳ ራስ ይላጫል። ውሸት አልነበረም፤ ሦስቱም ዕውነታቸውን ነው። አንዱ የአንዱን ፊት አየ፣ ከዚያ ሁሉም ወለሉን አዩ። አንኳኩ ብዕሯን ይዛ ጠበቀች። ሰዓቱ አሥር ሊሞላ ነው።

«ሐሙስን እኔ እይዛታለሁ» አለች ትልቋ።

ሁሉም ዞሩ። ልጅቷ ከአልጋው ወርዳ ቆማለች።

«ከትምህርት ቤት እኔ አመጣታለሁ። ምሳ አበላታለሁ። አሁንም እኮ እኔ ነኝ የማደርገው። የት ጋ ነው የምፈርመው?»

ልብስ ሰፊዋ አፏን በእጇ ያዘች። አስተማሪው ጉሮሯቸውን ጠርገው «የሐኪሙ ነገር… ቀኑን ማስቀየር ይቻል እንደሆነ…» ሲሉ አክስትየዋ እጇን አንሥታ አስቆመቻቸው። ክራንቿን ሳበች። አንዱን ክንዷ ሥር ከተተች፣ ሌላውን። ፊቷ በላብ ወረዛ፣ ግን ተነሥታ ቆመች።

«አንቺ አትይዢም» አለቻት ልጅቷን። «አንቺ ትያዣለሽ። ገባሽ? ዘጠኝ ዓመትሽ ነው።» ከዚያ ወደ አስተማሪው ዞረች። «ቀጠሮዎን አይንኩት፣ ጋሼ። ስድስት ቀን ካሳረፋችሁኝ ሐሙስን እችላለሁ። ሐሙስ የእኔ ነው።»

«አራት ፎቅ ደረጃ?» አለ ፀጉር አስተካካዩ። «በክራንች?»

«በቂጤም ቢሆን እወርደዋለሁ።»

ትንሿ ሳቀች። ትልቋ ግን ፊቷን አክስቷ ቀሚስ ውስጥ ቀብራ፣ ድምፅ አውጥታ፣ ከሰኞ ጀምሮ የያዘችውን ልቅሶ ሁሉ ለቀቀችው። ማንም አላባበላትም፤ አክስትየዋ ብቻ አንድ ክራንቿን ግድግዳ ላይ አስደግፋ እጇን ራሷ ላይ አሳረፈች።

አንኳኩ መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችው፣ አልጠራላትም፣ ደግማ ጠረገችው።

«ምን ትገተራላችሁ? በሉ ፈርሙ!» ብላ ተቆጣች። «ቢሮው አሥራ አንድ ሰዓት ይዘጋል፤ አውቶቡሱም እናንተን አይጠብቅም!»

በየተራ ፈረሙ። መጨረሻ ላይ የአክስትየዋ ተራ ደረሰ፤ ቆማ ልትፈርም ስለፈለገች ልብስ ሰፊዋ ወረቀቱን በጀርባዋ ላይ ዘርግታ ጎንበስ አለችላት። ሐሙስ ከሚለው ትይዩ፣ ሙሉ ስሟን፣ በትልልቁ ጻፈች።